በየካቲት የደረሰው የነሐሴ ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ ዕድሜ ልክሽን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ይሉኛል። ውሃ ስለካ ስላቸው ይበቃቸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ውሃውን በእጄ የለካሁት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ነው። የቀረውን ዘመኔን የፈጀሁት ውሃው መቼ እንደተለካ በማጣራት ነው። ይህን ስናገር ሰው ወሬውን ይለውጣል፤ ሰዓት ማየት ደግሞ ምን ሥራ አለው ብሎ ነው መሰለኝ። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን፣ አንዲት ሴት ከተቀበረች በኋላ የወንዝ ልክ ስትልክልን እስካይ ድረስ፣ ቀንና ሰዓት ከቁጥሩ ጎን የሚጻፉ ጌጦች ይመስሉኝ ነበር።

የተቀጠርሁት በተወለድሁበት ከተማ በዳንግላ ነው። ጧት ጧት የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ፣ ያደረውን ውሃ በመስፈሪያ ብርጭቆ ለክቼ፣ ቁጥሩን በስልክ ለእንጅባራ እነግራለሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ብዙ አያልፍም፤ ሥራው ግን ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አዲስ ቅዳም ተዛወርሁ። እዚያ የከሰሉ ጭስ ከደመናው ጋር ስለሚደባለቅ ሰማዩ ዳምኗል ከማለቴ በፊት አየሩን አሸት ነበር። በመጨረሻ እንጅባራ ገባሁ፤ የየወረዳው የዝናብና የወንዝ ልክ ወደሚሰበሰብበት ክፍል። ኮምፒውተር የመጣውም እኔ በደረስሁ ሰሞን ነው።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ስመኝ ይባላሉ፤ እኛ ጋሽ ስመኝ ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ማሽኑ ላይ አንድ ቁጥር ግር ሲላቸው ምንም ሳይነኩ ተነሥተው በረንዳ ይወጡና ሰማዩን ያያሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ስህተቱን አግኝተውታል። ቀን ሲጽፉ ደግሞ የዕለቱን ስም ሳያክሉ አይተዉም። «የካቲት ሦስት» ብቻ ብዬ የሰጠኋቸውን ወረቀት ይመልሱልኛል። ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ሌላ፣ በፈረንጅ ሌላ ነው፤ ማክሰኞ ግን የትም ማክሰኞ ነው ይሉኝ ነበር። ከወረዳ ደውሎ በሁለት ሰዓት ለካሁ የሚላቸውን ሰው፣ «የማን ሁለት ሰዓት?» ይሉታል። ሰውየው ግራ ሲጋባ፣ ስትለካ ጥላህ በየት በኩል ነበር ብለው ይጠይቁታል። ከጥላው ተነሥተው ሰዓቱን ራሳቸው ያወጡለታል።

በኋላ ሥራው ቁጥሩን ተቀብለው ለሚያከማቹ ብዙ ሰርቨሮች ተከፋፈለ። አንዱ እኛ ክፍል ነው፣ ሌሎቹ ሩቅ ከተማ ናቸው። የዳንግላ ልክ ለአንዱ፣ የግምጃ ቤት ከተማ ለሌላው ይደርስና ከዚያ በኋላ ይገጣጠማል። ችግሩ አንዱ ሰርቨር በአገራችን ሰዓት ሲሄድ ሌላው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በግሪንዊች ሰዓት ይሄዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጣለውን ዝናብ አንዱ የማክሰኞ ሲለው ሌላው የሰኞ ይለዋል። ሰኞ ዕለት ዳንግላ እናቴ ቤት ልብስ አጥቤ አስጥቼ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥለኝ ውዬ ተመልሻለሁ፤ ማሽኑ ላይ ግን ያን ዕለት ዘንቧል። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም። አንድ ዓመት የጳጉሜን ዝናብ በሙሉ በመስከረም አንድ ላይ ደፍቶት፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት አገሩ ጎርፍ የወሰደው መስሎ ታየን። ያን ቀን ጋሽ ስመኝ በረንዳ ወጥተው ሲስቁ ሰማሁ። ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከግምጃ ቤት ወረድ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር እንጉዳይ የምትባል እኩያዬ ትኖር ነበር። ከባሏ ከአያ ዋሴ ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ። ወንዙ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ተተክሏል። እንጉዳይ ጧትና ማታ ወርዳ ውሃው የደረሰበትን ታያለች፣ መሥሪያ ቤቱ በሰጣት ስልክ ላይ ትመዘግባለች። ወንዙ ዳር ኔትወርክ ስለሌለ ለመላክ ተረተሩ ላይ መውጣት አለባት። ስልኩን እንደ ጧፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ሄደልሽ እስኪላት ትቆማለች።

ከእሷ ቤት በታች የግምጃ ቤት ገበያተኛ በእግሩም በጋሪም የሚሻገርበት መልካ አለ። ውሃው ምሰሶው ላይ ከቀዩ ምልክት ካለፈ፣ ሰርቨሩ ወዲያው ለመልካው ጠባቂና ለቀበሌው መልእክት ይልካል፤ እነሱ ጡሩምባ ይነፋሉ። መልእክቱ ላይ የእንጉዳይ ስም እንዲወጣ ያደረጉት ጋሽ ስመኝ ናቸው። ሰው ከማሽን ይልቅ የሚያውቀውን ሰው ያምናል ብለው ነው።

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ልኳ ቆመ። ደውለን አጣናት። ከግምጃ ቤት የመጣ ሰው ታማለች አለን። ዝናቡ እስኪያልፍ ከመልካው ጠባቂ በስልክ እየጠየቅን ቆየን። ታኅሣሥ ላይ ሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርሁ፤ አፈሩ ሲመለስ አይቻለሁ።

የካቲት ገባ። በእኛ አገር በየካቲት ወንዝ ማለት ድንጋይ ለድንጋይ የሚሄድ ውሃ ነው። በገበያ ቀን ከምሳ ተመልሼ ማሽኑን ስከፍት፣ ወራት ሙሉ ባዶ የነበረው የእንጉዳይ ወንዝ መስመር ላይ ቁጥር አለ። የጉልበት ውሃ ይላል። ጥቂት ቆይቶ የወገብ ውሃ መጣ። ሰዓቱ የአሁን ነው፣ ቀኑም የዛሬ ነው። የለካው ሰው ስም፣ እንጉዳይ።

ጎኔ የምትሠራው ልጅ አየችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ጋሽ ስመኝ መጡ፣ አዩ፣ ተነሥተው በረንዳ ወጡ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር፤ በየትኛውም አቅጣጫ አንዲት የደመና ቁራጭ አልነበረም። እኛ በረንዳው ላይ እንደቆምን ከውስጥ ማሽኑ የማስጠንቀቂያ ድምፁን አሰማ። ውሃው ከቀዩ ምልክት አልፏል።

መልካው ላይ የሆነውን በኋላ ጠባቂው ነገረን። መልእክቱ ሲደርሰው ስሙን ሳያይ ጡሩምባውን ነፋ። በክረምት ቢሆን ሰው ጎርፍ ነው ብሎ ይሮጥ ነበር፤ በበጋ ግን ጡሩምባ የሚነፋው ለመርዶ ነው። ገበያተኛው ቆሞ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀው። ስልኩን ገልብጦ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ የሚያነበው የእንጉዳይን ስም ሆነ። አንዲት ሴት የያዘችውን እንስራ ጣለች። ፀሐዩ ቀጥ ብሎ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ፣ ያ ሁሉ ሰው ወደ ዳገቱ ሮጠ። አንድ ሽማግሌ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ጎርፍ እንዳልመጣ ካዩ በኋላ እንኳ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ የተሻገረ አልነበረም።

በሚቀጥሉት ቀናትም መጣ። ሁልጊዜ ወደ ማታ ግድም፣ ሁለት ሦስት ልክ ይደርስና ይቆማል። ቁጥሮቹ የዘፈቀደ አልነበሩም፤ እውነተኛ ወንዝ እንደሚያደርገው ይሞላሉ፣ ይጎድላሉ። ይህ ነው ያስፈራኝ። የሌለ ወንዝ እየሞላ ነበር። ጎኔ የምትሠራው ልጅ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠች። ማንም አንሺው አላላትም።

ጋሽ ስመኝ አንድ ቀን አልጋነሽ ተነሺ እንሂድ አሉኝ። ግምጃ ቤት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ ሄድን። ባለጋሪው አየነው ይባላል፤ መንገዱን ሁሉ ለፈረሱ ሲያወራ ነው የሄደው። ስለ እንጉዳይ ስንጠይቀው ያን አካባቢ ካመሸሁ አላልፍም አለን።

ቤቷ ስንደርስ ዘግቷል። ጎረቤቶች ወደ ተረተሩ ጠቆሙን። ዳገቱን ስንወጣ ፀሐይ ከጀርባችን እየወረደች ነበር፤ ከላይ አንድ ሰው ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሞ ታየን። አይነቃነቅም። እንጉዳይ እንደዚያ ነበር የምትቆመው። ጋሽ ስመኝ ቀድመውኝ ሄዱ። አያ ዋሴ ነበሩ፤ በእጃቸው የሚስታቸው ስልክ አለ።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ጋሽ ስመኝ ቀስ ብለው ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«አደራዋን ነው» አሉ አያ ዋሴ። «ስትታመም ዳገቱ አቃታት። ወንዙን ግን አልተወችም፤ ክንዷን ይዤ አወርዳታለሁ፣ አይታ ስልኩን ትነካካዋለች። በኋላ ሲሻለኝ ወጥቼ እልከዋለሁ ትል ነበር። ሳይሻላት ቀረ። ዋሴ አውጣልኝ፣ አደራ አለችኝ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ አርባዋ ካለፈ ወዲህ በገበያ ቀን በቀትር፣ በሌላው ቀን ማታ ማታ እያወጣሁ እይዘዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደርሷል?»

ደርሷል አልኋቸው። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ነገሩ ያ ብቻ ነበር። ስልኩ ውስጥ የነሐሴና የመስከረም ልክ ተከማችቶ ነበር፤ በደካማው ኔትወርክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያልፋል። ስልኩ እንጉዳይ የለካችበትን ቀንና ሰዓት አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ግን የራሱን ሰዓት ብቻ ስለሚያምን፣ የላከችውን ጥሎ የደረሰበትን ይለጥፍበታል። የነሐሴ ውሃ በየካቲት የሞላው በዚህ ነው። የቀረውን ልክ ከስልኩ ወሰድንና ስልኩን ለአያ ዋሴ መለስንላቸው። ማውጣቱ ከእንግዲህ አስፈላጊ እንዳልሆነ ብነግራቸውም ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ጋሽ ስመኝ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አሰቡበት። እያንዳንዱ ልክ ሁለት ጊዜ ይኑረው፤ ዓይን ያየበትና እኛ ዘንድ የደረሰበት። ሁለቱ ሲራራቁ ደግሞ ሰው ይደውል። ይህን ጽፈው ለበላይ አካል ላኩ። ግማሹ ተፈጸመ። ሰርቨሩ የታየበትን ሰዓት እንዲያምን ተደረገ። ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ልክ ግን ጡሩምባ እንዳያስነፋ፣ ለብቻው ወደ ጎን ይቀመጥ ተባለ። የሽማግሌው ክንድ መሰበር ሁሉንም አስደንግጦ ስለነበር እኔም ደንቡ ደግ መሰለኝ። የመደወሉ ነገር ግን ተረሳ። በዚያው ወራት ጋሽ ስመኝ ጡረታ ወጡና ወደ ልጃቸው አገር ሄዱ።

ሰኔ ላይ የእንጉዳይ ልጅ ትርፌ በእናቷ ቦታ ተቀጠረች። አዲስ ስልክ ተሰጣት። ትርፌ እንደ እናቷ ትጉህ ናት፤ ለክታ ወዲያው ተረተሩ ላይ ትወጣለች። ስልኩን ከፍታ ስታየው ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ይላታል። እዚህ አገር በዚያ የሚሄድ ሰው የለም፤ እንደ ሁላችንም በአገሩ አቆጣጠር አስተካከለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትልከው ሁሉ ለሰርቨሩ ስድስት ሰዓት ያለፈበት ሆነ። ሁሉንም ወደ ጎን አስቀመጠው፤ ለማንም አልተናገረም።

መስመሯን ባዶ ሳየው ደወልሁላት። ልኬያለሁ፣ ሄዷል ይለኛል እትዬ አልጋነሽ አለችኝ። ሩቅ ከተማ ያሉትን የሰርቨር ሰዎች ጠየቅሁ። እየደረሰ ነው፣ ስህተት አያሳይም አሉኝ። ሁላቸውም እውነታቸውን ነበር። አይተን እንነግርሻለን እንዳሉኝ ሐምሌ ገባ።

ያን ቀን ዝናቡ የጣለው ከላይ በኩል፣ ከተራራው ላይ ነው። መልካው ላይ ጠብ አላለም፤ ሰማዩ ብሩህ ነበር አሉ። የገበያ ቀን ነው። ትርፌ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ወንዙ ስትወርድ ድምፁ ተለውጦ ሰማች። ውሃው ቡናማ ሆኖ ቀዩን ምልክት ሸፍኖታል። እየሮጠች ተረተሩ ላይ ወጥታ ላከች። ሄዷል አላት። ጆሮዋን ወደ መልካው ጣለች። ጡሩምባ የለም። እንደገና ላከች። ሄዷል አላት። ከታች ገበያተኛው እየተጫወተ ወደ መልካው ሲወርድ ይታያታል፤ ብትጮህ አይሰማም፣ ብትሮጥ አትደርስም። እኔ ያን ሰዓት እንጅባራ ማሽኑ ፊት ተቀምጫለሁ። መስመሯ ባዶ ነው።

አያ ዋሴ እንደ ልማዳቸው ከአጠገቧ ቆመው ነበር፤ የእንጉዳይን ስልክ ይዘው። ትርፌ ከእጃቸው ነጠቀችና በእሱ ላከች። የዚያ ስልክ ሰዓት እንደነበረ በፈረንጁ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ማሽኑ ጮኸ። ስሙን አየሁ፣ እንጉዳይ ይላል። ስልኬን አንሥቼ ጠባቂው ጋ ስደውል አላነሣም። ለካ ጡሩምባውን እየነፋ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። እንጉዳይ ናት የጠራችው ሲባል፣ ሴቱም ወንዱም ዕቃውን እየጣለ ወደ ዳገቱ ወጣ። ዞር ብለው ሲያዩ መልካው አልነበረም፤ ዛፍ ከነሥሩ እየተንከባለለ ይሄድ ነበር አሉ። የአየነው ጋሪ ብቻ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ጋሪውን ከነፈረሱ ታች መታጠፊያው ላይ አገኙት፤ እሱን በማግስቱ።

በሳምንቱ የሰርቨሩ ሰዎች ወደ ጎን የተቀመጠውን ከፈቱልኝ። የትርፌ ልክ በሙሉ እዚያ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዱም ሳይጎድል። ያን ቀን ሁለቴ የላከችውም አለ። ለብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። በሕይወት ያለችው ልጅ ወር ሙሉ ስትናገር የሰማት የለም፤ የተሰማው የሟቿ ስም ነው።

ደንቡ ተለወጠ። ስልኮቹ በየትኛው ሰዓት እንደሚሄዱ አብረው እንዲልኩ ተደረገ፤ ወደ ጎን የሚቀመጥ ነገር ካለም ያኔውኑ ሰው ይደውላል። ጡረታ እስክወጣ ያ ደዋይ እኔ ነበርሁ። ለመልካው ሰዎች የስልኩን ነገር ደጋግሜ አስረድቻለሁ። በትሕትና ይሰሙኛል። ከዚያ እርስ በርስ ሲያወሩ፣ እንጉዳይ የጠራችን ዕለት ይላሉ። አሁን አልከራከራቸውም።

ወደ ጎን የተቀመጠውን ባየሁ ዕለት ለጋሽ ስመኝ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር። አየነው ቤት ለቅሶ ደረስሽ ወይ አሉኝ። ገና ነኝ አልኋቸው። ሂጂ፣ ከጠየቁሽም አትሸሽጊ አሉኝ።

ሄድሁ። የአየነው ሚስት ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የት እንደምሠራ ነግረዋታል። እንባዋ አልቆ ነበር መሰለኝ፤ ድምፅዋ እንደ ማንኛውም ሰው ድምፅ ነበር።

«ውሃው መምጣቱን ያወቃችሁት በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ልጅቱ የላከችው በአሥር ሰዓት ነው። እኛ ዘንድ ግን አልታየም» አልኋት።

«በአሥር ሰዓት ገና መልካው አልደረሰም ነበር።»

አልሸሸግሁም። የስልኩን ሰዓት፣ የሰርቨሩን ደንብ፣ ሁሉንም በምችለው ቃል ነገርኋት። ማሽኑ አሥርን በፈረንጅ አንብቦት፣ የጧት አራት ሰዓት ነገር መስሎት፣ ያለፈ ነው ብሎ አስቀመጠው አልኋት። ቁልቁል እያየች አሰበችበት።

«የጧት መስሎት ከነበረ» አለችኝ፣ «ለምን ጧት አልነገረንም? ጧት እኮ እቤቱ ነበር።»

አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ፀሐዩ ከደጁ እስኪሸሽ ድረስ አጠገቧ ተቀመጥሁ።